የአማርኛ ትምህርትና የአድማሱ አገልግል

ኅዳር ፪፣ ጧት
ዛሬም ያው ስሕተት። አማርኛ የማስተምረው ጣሊያን መቶ አለቃ «ጨነቅሁ» ብሎ ጻፈ። «ጨነቀኝ» አልሁት። ኻያ ጊዜ አስጻፍሁት። ሴት መሆኔን እያየ «እሺ፣ የኔታ» ይላል፣ እየሳቀ።

እናቱ እስፓኛዊት ናት። ስለዚህ በርሷ ቋንቋ አስረዳሁት፤ ኢየሩሳሌም ሳለሁ ከእስፓኛዊት መነኩሲት በአርጩሜ የተማርሁት አልጠፋኝም። «መ ዳ ፔና» ይላሉ፣ ሐዘን ይሰጠኛል እንደ ማለት። ሰውዬው ተቀባይ ብቻ ነው። እኛም «ከፋኝ» እንላለን፤ ይመጣብናል። ፍርሃትን ግን እነሱ «አለኝ» ሲሉ፣ እኛ «ፈራሁ» ብለን ራሳችን እንሸከመዋለን።

ደብተሬ፣ ጠላቴን የማስተምረው ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ልጄ አድማሱ ምሽጋቸው ውስጥ ታስሯል። ባስተማርሁ ቁጥር ምግብ ይገባለታል። ጎረቤቴ ወ/ሮ ጥሩነሽ አገልግሉን ታደርሳለች፣ ባዶውን ትመልሳለች። ባዶም አይደል። የሰው ዕቃ ባዶ አይመለስም ብዬ ነው ያሳደግሁት፤ ሁልጊዜ አንድ ዘለላ ሣር ያስገባበታል። ሣሩን ሳይ፣ ደኅና ነው ብዬ እተኛለሁ።

ኅዳር ፮፣ ከቀትር በኋላ
አገልግሉ ተመለሰ። ሣር የለም። ሁለቴ ገልብጬ አየሁ።
የምሽጉ ግቢ ተረጋግጦ ሣሩ አልቆ ይሆናል። ታሞም ይሆናል።
ጥሩነሽ አላየችኝም፤ መሬት መሬት ታያለች። «እሜቴ፣ በልተዋል?» በልቻለሁ አልኋት። «ምን በሉ?» ይኸ ምን የሚሉት ምርመራ ነው፣ ጣሊያን ቀጠረሽ ወይ አልኋት። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

ኅዳር ፱፣ ጧት
ትምህርት። መቶ አለቃው አልሳቀም፣ አልተቀመጠም። ሳላዘው «ከፋኝ» ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ገፋልኝ። አፉን ሊከፍት ሲል ተነሣሁ። ስሕተት የለውም አልሁት። ወጣሁ።
መርዶ ከርሱ አፍ አልሰማም።

ያው ቀን፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት
ጥሩነሽ ደጅ ሽማግሌዎች ተሰብስበዋል። ብቅ ስል አንዱ ስለ ጤፍ አጨዳ ጮክ ብሎ ጀመረ። ምስኪን፣ ውሸት አያውቅበትም።
ነገ ሳይነጋጋ ይመጣሉ። የመርዶ ደንብ ነው፤ ማለዳ፣ ብዙ ሆነው፣ ሐዘንተኛዋ በልታ ያደረች መሆኗን አረጋግጠው። ከነርሱ ቀድሜ ብጮህ ሥርዓታቸውን እነጥቃቸዋለሁ። የአድማሱም መርዶ በወግ ይነገረኝ።
ስለዚህ ራት እበላለሁ። በሩን ሲያንኳኩ ምን ሆናችሁ ብዬ እከፍታለሁ። ወደ መቶ አለቃው አልመለስም።
ጥሩነሽ ደግሞ መጣች፤ በልተዋል ወይ። አሁን ልበላ ነው፣ ልጄ፣ አልኋት። አለቀሰች፤ ጢሱ ነው አለች። እሳት አላነደድሁም።
አገልግሉን አልወለወልሁትም። ክዳኑ ላይ የልጄ ጣት ያረፈበት ምልክት አለ።