ያልነካሁት ስሙኒ

ከድሬ፣

ከተለየኸኝ አራት ወር ከአስራ ስምንት ቀን ሆነ። ዒዳዬን ጨርሻለሁ። አራት ወር ከአስር ቀን ሙሉ ሳልቀባ፣ ሳልኳል፣ ከደጅ ሳልወጣ ተቀምጬ እንደ ወጉ አዝኜልሃለሁ፤ በዚህ በኩል ቅሬታ አይኖርህም። ቅሬታው ያለው በኔ በኩል ነው። የምጽፍልህ ተቆጥቼ ነው፤ ስቆጣ ደግሞ ሳልጨርስ እንደማልተው ካንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሱቁን እኔ ይዤዋለሁ። ልጃችን ሐያት ከትምህርት ስትመለስ ታግዘኛለች። ባትሪና አምፖል አሁንም ይሸጣል፤ የፋኖስ ክር ግን የሚጠይቅ ጠፍቷል። ሰው ሁሉ በስልኩ ስለሚከፍል ሳንቲም የምትለቅምበት መሳቢያ ባዶውን ነበር፤ ሐያት መርፌና ክር አስቀመጠችበት። የጓሮው ቆርቆሮ ዝናቡን አልቻለውም፣ ባልዲ ደቅነንበታል። ማርትሬዛ ብር ይዘውልህ የሚመጡት የማጂው ሽማግሌ መሞትህን ሳይሰሙ መጡ። ስነግራቸው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። የሳቸውን እንባ አይቼ እኔም እንደ አዲስ አለቀስኩ። ያኔ ገና ምንም አላወቅኩም ነበር።

ዒዳዬን የጨረስኩ ዕለት ሂናም ሽቶም አላማረኝም። ያማረኝ መህሬን፣ ለኒካሁ የሰጠኸኝን ጥሎሽ፣ ማየት ነበር።

ታስታውሳለህ። ሽማግሌ ስትልክ አባቴ ለልጄ መህር ምን ይሰጣታል ብሎ ጠየቀ፣ አንድ ስሙኒ አሉት። ሃያ አምስት ሳንቲም። ልጄን በከረሜላ ዋጋ ሊወስድ ነው ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። በማግስቱ ራስህ መጣህና ጠርዙን በመሐረብ ይዘህ አሳየኸው። ይህ ለገበያ የተሠራ አይደለም አልክ፤ ለሰብሳቢ ተብሎ፣ በተወለወለ ማኅተም ተደጋግሞ የተመታ ነው፣ ፕሩፍ ይባላል፣ ከእጅ ወደ እጅ አይዞርም፣ ልጅዎንም የምይዛት እንደዚህ ነው አልክ። አባቴን በዚህች በመጨረሻዋ ረታኸው። ወደ ጓዳ አምጥቶ አሳየኝ። ሜዳው መስታወት ነበር፣ የገዛ ዓይኔን አየሁበት። አንበሳው ግን ዱቄት የተነፋበት ይመስል ደብዘዝ ብሎ፣ ጎፈሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በጀርባው ወንድና ሴት እጃቸውን አንሥተው ቆመዋል። እኔና ከድሬ ነን ብዬ አሰብኩ። የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አይፈረድብኝም።

ኒካህ በታሰረ በሳምንቱ የቀለበት ሳጥን ውስጥ አድርገህ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ጠቅልለህ ሰጠኸኝ። የሚዛን እርጥበት ጫማ እንኳ ያሻግታል፣ ይህ ከተከፈተ ይበላሻል አልከኝ። የጣት ላብ ከነካው የማይለቅ ምልክት ይቀርበታል አልከኝ። ሁለቱም እውነት ነው። ውሸትህን በእውነት ነበር የጠቀለልከው። ቤት በቀየርን ቁጥር ሳጥኑን ጡቴ ሥር ይዤው ሄድኩ እንጂ ሃያ ሁለት ዓመት አልከፈትኩትም።

የሚገርመኝ ግን ያስተማርከኝ ነው። ቀስ ብለህ፣ ከሱቁ ደጃፍ ብርሃን ላይ፣ ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር አስተማርከኝ። ብልጭታ አያታልልሽ ትለኝ ነበር። ሜዳው ሲያበራ አንበሳው መደብዘዝ አለበት፤ ሁለቱም እኩል ካበሩ የሰው እጅ ገብቶበታል። ጠርዙን በጥፍርሽ ሞክሪው፣ እንዳለቀ ሳሙና ከተንሸራተተ ገበያ የዋለ ነው። አዘንብለሽ እዪው፣ የመፈተግ ጭረት ካለ ተወልውሏል። ይህን ሁሉ ብለህ ስታበቃ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለህ ትስቅ ነበር። አንድ ቀን ከሸዋ ቤንች የመጣ ገበሬ ለልጁ መዳሪያ ያስቀመጠውን ሳንቲም ይዞ መጣ። እንድናገር ለኔ ሰጠኸኝ። የተወለወለ ተራ ነው ብዬ ነገርኩት፣ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሄደ። አንተ አጠገቤ ቆመህ ባትሪ ትደረድር ነበር። ቀና ብለህም አላየኸኝ።

እንግዲህ ዒዳዬን በጨረስኩበት ዕለት ፕላስተሩን በቢላ ቀደድኩት። መስኮቱ ጋ ሄድኩ። አንበሳው ያበራል። ሜዳውም ያበራል፣ ግን ዓይኔ አልታየኝም። አዘነበልኩት፤ ጭረቱ በአንድ በኩል ተሰልፏል። ጥፍሬ ጠርዙ ላይ ተንሸራተተ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አያውቅም ነበር፤ እኔ ግን ያንተ ተማሪ ነኝ። በተጋባን በሳምንቱ ጓሮ ቁጭ ብለህ በአመድና በሎሚ የሆነ ነገር ስታሽ ያገኘሁህም ያኔ ትዝ አለኝ። የቁም ሣጥን ቁልፍ ነው ብለኸኝ ነበር። አመድ የነካውን እጅህን ያስታጠብኩህ እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ሐያትን ይዤ በሚኒባስ ቴፒ ወረድኩ፣ ቡና ነጋዴው ጓደኛህ ሙክታር ዘንድ። ሳንቲም የምትለዋወጠው ከሱ ጋር ብቻ ስለነበር ሌላ የምጠይቀው አልነበረኝም። ገና ሳጥኑን ሳወጣ ፊቱ ተለዋወጠ። ያኔ ለአባቴ ያሳየኸው ስሙኒ የሙክታር አባት ንብረት ነው። ሽማግሌ ፊት ለማሳየት ለአንድ ቀን ብለህ ተዋስከው፣ በሦስተኛው ቀን መለስክለት። ንገራት እያልኩ ስንቴ ለመንኩት አለ ሙክታር፤ ቀን ይመጣል ይለኝ ነበር አለ። ከዚያ አውጥቶ አሳየኝ። ራሱ ነው። ያኔ ያየሁትን የገዛ ዓይኔን ሜዳው ላይ መልሼ አየሁት፣ ዙሪያው ተሸብሽቧል። ውሰጅው፣ ላንቺ ይገባል ብሎ ዘረጋልኝ። እንቢ አልኩ። የሰው ንብረት መህር አይሆነኝም።

ድሃ ነኝ ብትለኝ ኖሮ፣ ከድሬ። ተራውን ስሙኒ ከነቆሻሻው ይዘህ ብትመጣ አባቴን እኔ እለምነው ነበር። ወድጄሃለሁ እኮ፣ ከስሙኒው በፊት ወድጄሃለሁ። ይህንንም ታውቅ ነበር። የተማመኑበት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ደግሞ ሌላ ነው። ጀናዛህ ከቤት ሳይወጣ ሸኹ እንደ ልማዱ ዕዳ እንዳለብህ ጠየቁ። ወደ ሴቶቹ ልከውም የሚስቱ መህርስ አሉ። ሙሉውን ተቀብያለሁ ብዬ በሰው ፊት መሰከርኩልህ። ያለ እውቀቴ በሐሰት አስመሰከርከኝ። ያን ዕዳ ከኔ በቀር አፉ የሚልልህ የለም፤ እኔ ካልተውኩልህ ተይዘህ ትቀራለህ። ይህን እያወቅክ ነው ዝም ያልከኝ? ወይስ ሙሉውን ተቀብያለሁ እንደምል ተማምነህ ነው? አላውቅም። ሳጥኑን ከከፈትኩ ጀምሮ ሰባት ቀን ዓይንህን እያስታወስኩ ከራሴ ጋር ተጣላሁ።

ዛሬ ሱብሒ ሰግጄ ስነሣ ጨከንኩና ተናገርኩ። መህሬን አፉ ብዬሃለሁ። ይህኛው አውቄ፣ አይቼ፣ በጥፍሬ ሞክሬ ነው። በሱ አትያዝም፣ ቀና ብለህ ተኛ። አትንኪው ያልከኝን ግን አፉ አላልኩም። ሃያ ሁለት ዓመት አምኜህ የሰበሰብኩትን እጄን ገና አልተውኩልህም።

ሳጥኑን ከነፕላስተሩ እሳት ውስጥ ጣልኩት። ስሙኒህ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነው። ደንበኛ ስጠብቅ፣ ገበያ ስወጣ፣ ሐያትን ስቆጣ በባዶ እጄ አገላብጠዋለሁ። ከሰሞኑ የአመድና የሎሚው ብልጭታ እየለቀቀው ነው፤ ተራ ሳንቲም ሆኗል፣ እንደዚህ ሆኖ ቢሰጠኝ የምወደው ዓይነት። አልረሳህም፣ አትስጋ። እስክመጣ ድረስ እንደዚሁ ላብ በነካው ጣቴ እይዘዋለሁ። ስመጣም ይዤው እመጣና ሌላ ምንም ሳልልህ መዳፍህ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ያኔ ባትሪ አትደርድርብኝ፣ ቀና ብለህ እየኝ።

ሚስትህ ፋጡማ
ሚዛን ተፈሪ