ቁልፍ የሌለው ጉበት

ለእህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ መንገዱ አባሰብሽ? ለስልጠና ከከተማ ከተማ ስትዞሪ እንደከረምሽ እማዬ ነግራኛለች። እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን እያመማት ደረጃ መውጣት ትታለች፤ ምላሷ ግን ምንም አልሆነም፣ ዛሬም በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሠፈሩን ታስተዳድራለች። እኔም አለሁ። በስልክ ስትጠይቂኝ ደህና ነኝ እልሻለሁ፣ አንቺም ደህና ነኝ ትዪኛለሽ፣ ከዚያ ስልኩን ለእማዬ አቀብላታለሁ። ከስልጠናው ቀን ወዲህ በመሃላችን ያለው ወሬ ይኸው ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ትቼው ነበር። እሱ ግን እኔን ፈጀኝ እንጂ ሆዴ አልፈጀውም፤ ስለዚህ ብዕር አነሳሁ።

አዳራሹ ውስጥ አብረን ነበርን፣ ምን አዲስ ነገር ልትነግሪኝ ነው ትዪ ይሆናል። ከመድረክ ላይ የሚታየውና ከኋላ የሚታየው አንድ አይደለም። እኔ የተቀመጥኩት መጨረሻው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ፣ እግሩ የሚወዛወዝ ወንበር ላይ ነበር። ከዚያ ሆኜ ያየሁትን ነው የምጽፍልሽ። ግን መጀመሪያ ስለ አንሶላው ላስታውስሽ። አልረሳሁትም ካልሽ ደግሞ ይባስ ያስቀይመኛል።

በተቀጠርኩበት ዓመት አንቺ እኔው ክፍል ውስጥ ተማሪ ነበርሽ። መጽሐፉ ለአምስት ልጅ አንድ ነበር፣ እሱም ቢሆን ስለ ሰው አካል የሚያወራው ገጽ ተገንጥሏል። እኔ ስለ ጨጓራና ስለ ሳንባ ስለፈልፍ ልጆቹ ያዛጉ ነበር። ቤት ገብቼ ሳለቅስ ያየሽኝ አንቺ ነሽ። እማዬ መሃሉ የሳሳ ነጭ አንሶላዋን ሰጠችን፤ ወለሉ ላይ ዘርግቼ በላዩ አስተኛሁሽና ዙሪያሽን በከሰል ሣልኩት። የኮረኮርኩሽ መስሎሽ እየሳቅሽ ስትንፈራገጪ ግራ ክንዱ ተጣመመ፣ እስከ ዛሬም ጠማማ ነው። ልቡን እጅጌው ካለቀው ቀይ ሹራብሽ ሠራነው። ሳንባው የፍራሽ ስፖንጅ ሆነ፣ አንጀቱ ጥጥ የጠቀጠቅንባቸው የአባባ ካልሲዎች። ጉበቱን ከአባባ ካፖርት ገበር ስንቆርጥ እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር፤ አባባ ከሞተ ገና ዓመቱ አልሞላም ነበርና። ሁሉንም በልብስ ቁልፍ አያያዝነው። ዝም ብለን ብንሰፋው ይቀለናል ስትዪኝ፣ የተሰፋውን ልጆቹ ያዩታል እንጂ አይነኩትም አልኩሽ።

የመጀመሪያው ስህተት ሳላስበው የሠራሁት ነው። ጠዋት ረፍዶብኝ በጥድፊያ ስቆልፍ ጉበቱን በግራ ጎኑ፣ ከጨጓራው በላይ አደረግኩት። ማንም አላየም። አንቺ እጅሽን አወጣሽና ጉበት በቀኝ ነው አልሽ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ልቆጣሽ ሲገባኝ ጠመኔውን ሰጥቼሽ ሄጄ ወንበርሽ ላይ ተቀመጥኩ። ጉበቱን ፈትተሽ ቦታው ቆለፍሽው፣ የቀረውን ትምህርትም አንቺ ጨረስሽው። እጄን ሳላወጣ ስናገር ደግሞ አንቺ ተማሪ ሥርዓት ያዢ ብለሽ ገሠጽሽኝ። ያን ቀን አንድም ልጅ አላዛጋም።

ከዚያ ወዲህ አንሶላውን በሰቀልኩ ቁጥር ሆን ብዬ አንድ ነገር ያለቦታው እቆልፋለሁ። ያገኘው ልጅ ፈትቶ ያስተካክላል፣ ጠመኔውን ይወስዳል፣ እኔ በእሱ ወንበር እቀመጣለሁ። ልጆቹ ማታ ቤታቸው ጎናቸውን ሲዳብሱ፣ እናቶቻቸውን ሆድሽን ላሳይሽ እያሉ ሲያስቸግሩ ያመሻሉ፤ ጠዋት እንዳይታለሉ ነዋ። ስም አላወጣሁለትም። ስም ያወጣሽለት አንቺ ነሽ፣ ኋላ እመጣበታለሁ።

አንዲት ልጅ አለችኝ። የክፍሏ ልጆች ሹክሹክታ ይሏታል። ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ ስትመጣ ስም ስጠራ አቤት ማለቷን የማውቀው ከንፈሯን አይቼ ነበር። እናቷን አስጠርቼ ጠየቅኳት። መናገርስ ትችላለች፣ ድሮ ተሳስታ ስለተሳቀባት ነው፣ አትድፈር ብሎ የረገማት ያለ ይመስል አለችኝ። አንድ ቀን ኩላሊቱን ከሳንባው ጎን ቆልፌ ሰቀልኩት። ሁሉም ሲንጫጫ እሷ ቃል ሳትናገር ተነስታ ሄደችና ፈታችው። ጠመኔውን ሰጠኋት። ያስተማረችው በሹክሹክታ ነው፤ እነዚያ የእኔን ጩኸት የማይሰሙ ልጆች ትንፋሻቸውን ውጠው አዳመጧት። ቀስ በቀስ ድምፅ አወጣች። ኋላማ እናቷ መጥታ፣ እባክሽ ይቺን ልጅ ወስደሽ እንደነበረች መልሺልኝ፣ አባቷን ሳይቀር እያረመች አስቸገረችን ብላ ስትስቅ፣ በዚህ ሥራ ላይ የተማረርኩበትን ዘመን ሁሉ ረሳሁት።

ይህን ሁሉ ባለፈው ዓመት ልትጠይቂን መጥተሽ ነግሬሻለሁ። አብረሽኝ ክፍሌ ድረስ ሄድሽ፣ ልጆቹ ወጥተው ነበር። ለማግስቱ ጠዋት አንሶላውን ከነስህተቱ አሰናድቼ ጨርሼ ነበርና አየሽው። በእጅሽ ዳሰስሽው፣ ሹራብሽን ስታገኚ ዓይንሽ እንባ አቀረረ። በስልክሽ ፎቶ አነሳሽው። ለናፍቆት ነው አልሽኝ፤ እኔም አመንኩሽ። እህቴ አይደለሽ?

እንግዲህ አንቺ አሠልጣኝ ሆነሽ የመጣሽበት ስልጠና። ከየትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች ተሰብስበው፣ ለናሙና ትምህርት የእኔ ክፍል ልጆች ፊት ለፊት ተደርድረው፣ ዳይሬክተራችን በር ላይ ተቀበለሽ። እህትማማቾች መሆናችንን አያውቅም፤ እኔ አልነገርኩት፣ አንቺም ደብዳቤ ላይ አልጻፍሽ። እጄን ጨብጠሽ፣ እንደምን አሉ መምህርት፣ አልሽኝ። ከተወለድሽ ጀምሮ እትዬ ስትዪኝ ኖረሽ አንቱ ያልሽኝ ያን ቀን ነው። በሰው ፊት ስለሆነ ነው ብዬ ለራሴ ጥብቅና ቆምኩልሽ፤ በአንቺ ጉዳይ መቼም ጠበቃ አጥተሽ አታውቂም።

ያንን የሚያብረቀርቅ ትልቅ ወረቀት ዘረጋሽው። ቁመቱ የአንቺ፣ ክንዱ ጠማማ፣ ልቡ ቀይ ሹራብ። የክሩ ጥልፍ ሳይቀር ይታያል። ከራስጌው አሳታፊ የስህተት ፍለጋ ዘዴ የሚል ተጽፏል፣ ከግርጌው የአንቺ ስም። ከረጅም ዓመት የክፍል ልምዴ ያመነጨሁት ነው አልሽ። አስተማሪዎቹ እየጻፉ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው የሂሳብ መምህር፣ ወይ የተማረ ሰው፣ እኛ ይህን ሳናስብ አረጀን ብሎ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። እኔም አዎ አልኩት። ምን ልበለው?

በፎቶው ላይ ቁልፎቹ ይታያሉ፤ የሚፈታ ነገር ግን የለም። አንድ ወጥ ወረቀት ነው፣ ጉበቱም በግራ እንደሆነ ታትሞ ቀርቷል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ወዲያው አላየሁትም። ዓይኔ ግርጌው ላይ ስሜን ሲፈልግ ነበር። ያዩት ልጆቹ ናቸው። ለእነሱ ያ ሥዕል ማለት ጨዋታ ማለት ነው፤ አንገታቸውን አሰገጉ፣ ጎናቸውን መዳበስ ጀመሩ። አንቺ ወደ አስተማሪዎቹ ዞረሽ፣ አያችሁ እንዴት እንደተሳቡ አልሽ።

ያኔ ሹክሹክታ ብድግ አለች። በሩ አጠገብ ላለሁት ለእኔ ሳይቀር በሚሰማ ድምፅ፣ ስህተት አለበት አለች። ያቺ ልጅ፣ ያን ያህል እንግዳ ፊት። ደስታ ሊገድለኝ ነበር፣ እህቴ። ለአንድ አፍታ ስሜም ቂሜም ጠፋኝ፤ በቃ አሁን እህቴ ትስቅና ጠመኔውን ትሰጣታለች ብዬ ዓይኔን ከልጅቷ ሳልነቅል ጠበቅኩ። አንቺ ግን እንዲህ አልሻት፦

«ልጄ፣ ታትሞ በወጣ ሥራ ላይ ስህተት አይፈለግም። ቁጭ በይ።»

አዳራሹ ሳቀ። ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም፣ ምሳ ሰዓት የደረሰበት ሰው ሳቅ ነው። እሷ ግን አልተቀመጠችም። እጇን ዘርግታ ቆማ ቀረች። ለምን እንደሆነ ያልገባሽ ከሆነ ልንገርሽ፤ ጠመኔውን እየጠበቀች ነበር። ዳይሬክተሩ መጥቶ ትከሻዋን ይዞ አስቀመጣት።

ለምን አልተነሳሽም ብለሽ ብትጠይቂኝ መልሱን ታውቂዋለሽ። የእህቴን ገመና በአደባባይ መግለጥ አቃተኝ። ያንቺን ስሸፍን የልጄን አፍ አስዘጋሁ፤ ይኸው ነው ሒሳቡ።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠርቶን ሹክሹክታን ይቅርታ አስባላት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም፤ እሱም ይበቃል አለ። ለእኔ ደግሞ ተማሪን በአስተማሪ ላይ የሚያስነሳ ጨዋታ ክፍሌ ውስጥ እንዳልደግም ነገረኝ። በዚያው አፉ፣ በዚያው ሳምንት፣ ሁሉም አስተማሪ የአንቺን አሳታፊ ዘዴ እንዲጠቀም መመሪያ አወጣ። ይህን ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ፣ እሱም ንቀት ነው ብሎ ያዘብኝ። አሁን ክፍል የለኝም። የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ሰጥተውኛል። ጠመኔ አድላለሁ፣ ዳስተር አድላለሁ፣ የተጠቀለለ የአንቺን ወረቀት እያስፈረምኩ አድላለሁ። ቀለሙ ጥሩ ይሸታል። አንሶላውን አጥፌ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ እዚህ አይጥ አለ፣ ግን ወደ ቤት ልውሰደው ብል እማዬ ምን ሆኖ መጣ ትለኛለች።

እሷ ምንም አታውቅም። በቴሌቪዥን የቀረብሽ ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ፣ ያ የልጄ ሥራ ነው፣ አንሶላው ደግሞ የእኔ ነው እያለች ስታሳይ ነበር። ከእኔ እሷ ትሻላለች፣ ቢያንስ ድርሻዋን ጠየቀች። ወደ እኔ ዞራም አንቺ ደግሞ ምነው ፊትሽን አጨፈገግሽ፣ የእህትሽ ማደግ ከፋሽ ወይ አለችኝ። ኧረ አልከፋኝም አልኳት።

ስሜን አልፈልግም። ወረቀቱ ላይ ያንቺው ይቆይ፤ በእኔ ስም ስህተት ከሚታተም ባንቺ ይታተም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ሹክሹክታ ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ አፏን አልከፈተችም። አዲሷ መምህርት ጨዋ ናት፣ አታስቸግርም ብላ ታመሰግናታለች። እናቷ ባለፈው መንገድ ላይ አግኝታኝ ሰላም ሳትለኝ አለፈች። ስለዚህ ነይ። ማንም አይሸኝሽ፣ ፕሮጀክተርም አታምጪ። ክፍሉ ገብተሽ ልክ ነበርሽ በያትና ጠመኔውን ስጫት፤ አንቺም ወንበሯ ላይ ተቀመጪ። እንዴት እንደሚደረግ ታውቂበታለሽ፤ ላንቺ ሲደረግልሽ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ከዚህ በፊት ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ያን ጊዜ የጻፍኩልሽ፣ መቼም በችኮላ የየትኛው ቀን ፎቶ መሆኑን ሳታስተውዪ አሳትመሽው ይሆናል፣ ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ የሚል ነበር። አሁን እንደዚያ ብዬ መጻፍ ያቃተኝ ትናንት በሆነው ነገር ነው። ሹክሹክታ ለመምህርቷ ጠመኔ ልትወስድ ግምጃ ቤቱ መጣች። ከተቀበለችኝም በኋላ አልሄደችም፤ መደርደሪያው ላይ የታጠፈውን አንሶላ እያየች ቆመች። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ያ የድሮው ሹክሹክታዋ ተመልሶ፣ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦

«መምህር፣ እኔ እኮ ስህተት አለበት ብቻ ነው ያልኩት። የቱ ጋ እንደሆነ አልተናገርኩም ነበር። ሴትየዋ ታዲያ ለምንድን ነው ቶሎ ብላ ጉበቱን በመዳፏ የሸፈነችው?»

አንድ ጠመኔ ጨምሬ ሰጠኋትና ወደ ክፍሏ ላክኋት።

መልሱን ላንቺ ትቼዋለሁ። ልጆቹን ሳሚልኝ። ወገብሽን ተጠንቀቂ፣ ከባድ ነገር ብቻሽን አትሸከሚ። እማዬ እድሜና ጤና ይስጥሽ ብላለች፤ እኔም አሜን ብያለሁ። ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ እጅሽም ከሸፈነው ይልቅ የገለጠው ይብዛልሽ።

ድሮ እትዬ ትያት የነበረችው
እህትሽ