ለጋሼ ሰይድ ያልደረሰው መርዶ

አባዬ፣

ይኸው ከተለየኸን ሁለት ወር አለፈ። «እንዴት ነህ?» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ለሞተ ሰው እንደዚያ ይጻፋል ወይ ብዬ የምጠይቀው ግን ሐጂ ኑርዬን ብቻ ነው፣ የእሳቸው መልስ ደግሞ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ዝም ብዬ ጀመርኩ።

ሕንፃችን ላንድማርክ ያው ነው። ሊፍቱ እንደተበላሸ ነው። ጫማህ በሩ ሥር ነው፤ እማዬም አላነሳችው፣ እኔም አላነሳሁት። የተለወጠው ቤታችን ውሸታም መሆኑ ነው። ወንድምህ ጋሼ ሰይድ እስካለፈው ሳምንት ድረስ መሞትህ አልተነገራቸውም ነበር።

አትቆጣ። በቀብርህ ማግስት ሐጂ ኑርዬ የሕንፃውን ሽማግሌዎች ሰብስበው «መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰይድ ልቡ ደካማ ነው፣ ብቻውን ነው። ሰው በጠዋት ሄዶ፣ ከቦ ያርዳው» አሉ። ጥሩ። ግን ማን? ያቺን የፍሎሪዳ ከተማ ታውቃታለህ። ጋሼ የሚሠሩበት ሞቴል፣ የሽሪምፕ ማጥመጃ ጀልባዎች የሚቆሙበት ወደብ፣ አንድ ድልድይ፣ ድልድዩን ሲሻገሩ የብርቱካን እርሻና ረግረግ። ቦዩ ውስጥ አዞ ይተኛል፤ ሐበሻ ግን ካውንቲውን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አንድም አጣሁ።

እስከዚያው በየጁምዓው ስልኩ ይጮሃል። ከሶላት በኋላ አንተ ስለማትደውል እሳቸው ይደውላሉ። እማዬ «ሥራ ላይ ነው» ትላለች። እኔ «ደብል ሺፍት ገብቷል» እላለሁ። አባዬ፣ ከሞትክ በኋላ የሠራኸው ኦቨርታይም በሕይወትህ ከሠራኸው ይበልጣል። ቀልዴን አትመን፤ ስልኩ በጠራ ቁጥር እኔና እማዬ «አንቺ አንሺው» እንባባል ነበር። ጋሼ ደግሞ ወሬ አያልቅባቸውም። ዝናቡ ከሰዓት መጥቶ በሩብ ሰዓት እንደሚሄድ፣ ሙቀቱ ሸሚዝን ጀርባ ላይ እንደሚያጣብቅ፣ ፔሊካን የሚባለው ወፍ የዓሣ አጥማጆቹን ባልዲ እንደሚዘርፍ። መጨረሻ ላይ «ለአባትሽ ንገሪው» ይላሉ። እሺ እላለሁ። ይኸው፣ ነገርኩህ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐጂ ሰው አገኙ። ከጋሼ ከተማ ሁለት ሰዓት ርቆ ታክሲ የሚነዳ የወሎ ልጅ ነው። ቅዳሜ በጠዋት ሄደ፣ እኛ ስልክ ከበን ተቀመጥን። የደወለው ከሰዓት በኋላ ነው። ጋሼ ያገራቸውን ሰው በማየታቸው ከደስታ ብዛት ዓሣ ጠበሱለት፣ ወደቡን አዙረው አሳዩት፣ ሲወጣም ሎሚ በፌስታል አስያዙት። አፉ እምቢ አለው። በልቶ ተመለሰ። ሐጂ ስልኩን ዘግተው «መብላት አልነበረበትም» አሉ።

ከዚያ ካርቶኑ መጣ። ያ በየዓመቱ የሚልኩልህ ብርቱካን፤ ልጣጩን ሳይበጠስ አውልቀህ አንገቴ ላይ የምታጠልቅልኝ። ሁልጊዜ ላዩ ላይ የሚጻፈው ያንተ ስም ነበር። ዘንድሮ የተጻፈው የኔ ነው። እማዬ ሥራ ላይ ስለነበረች ስሜ ያለበትን ቁራጭ ቀድጄ ኪሴ ከተትኩና ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ለምን በኔ ስም ላኩት?»

 የባሕር ወፎቹ ሲጮኹ ይሰማኛል።

«አባትሽ ሁለት ጁምዓ ሳይደውል የሚቀር ሰው አይደለም፣ ሐያትዬ። አውቄያለሁ። እናትሽ እንዳትሳቀቅ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ማወቄን ለእናትሽም ለሽማግሌዎቹም አትንገሪ፣ መጥተው ያርዱኝ። እዚህ አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው የለም።»

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበረኝም። ለጋሼ መዋሸቴ ቀርቶ ስለ ጋሼ መዋሸት ጀመርኩ። ሳንደርስላቸው ልባቸው ቢቆምስ? እየደጋገምኩ «መቼ ነው የምንሄደው?» ስላቸው ሐጂ «ይቺ ልጅ ባሕር አማራት» ብለው ታዘቡኝ።

ባለፈው ሳምንት ቫን ተከራይተን ሄድን። ሐጂ ከኮምፒውተር ያተምኩላቸውን ማፕ ገልብጠው ይዘው መንገድ መሩ፤ ብርቱካን እርሻው ውስጥ ሁለቴ ጠፋን። ገና ሲነጋ ደረስን። አየሩ እርጥብ ፎጣ ነው። ጋሼ በሩን ሲከፍቱ ከሞቴሉ ያመጧቸው ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል። በማለዳ ለምን እንደተደረደሩ ማንም አልጠየቀም። ሐጂ መንገዱን ሙሉ ያጠኑትን ንግግር ገና «ሰይድ፣ የአላህ ውሳኔ...» ብለው ሲጀምሩ ጋሼ ፈነዱ።

ለማስመሰል መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ ለብቻቸው ያቆዩት ለቅሶ ነው። እኔም ከቀብርህ ወዲህ ያለቀስኩት ያን ጠዋት ነው።

ስንመለስ ሐጂ «ተጠንቅቀን እንዴት እንዳረዳነው አየሽ?» አሉኝ። «አየሁ» አልኳቸው። ምን ልበል?

አሁን ጁምዓ ጁምዓ የምደውለው እኔ ነኝ። ሀሪኬን፣ ያ የባሕር አውሎ ነፋስ፣ ይመጣል ሲባል ዜናውን የማየውም እኔ ነኝ፤ እሳቸው «ድልድዩ እስካለ ምንም አልሆንም» ይላሉ፣ እኔ ግን አላምናቸውም። ስሜ ያለበትን የካርቶን ቁራጭ ጫማህ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አንተን አልረሳህም፣ አባዬ። ጋሼ ጋም አንድ ጁምዓ አልዘልም፤ ሁለት ሲዘለል ምን እንደሚያስቡ አውቃለሁ።

ልጅህ ሐያት