የእቅፊት ድንጋይ

ጥር 14፣ ከቀትር በኋላ 11 ሰ.

ሦስት አምባዛ። አንዲት ቀረሶ አሳ። ቀረሶዋን መልሼ ለቀቅኋት። ትንሽ ስለሆነች ነው ብለሽ ጻፊ፤ አምልጣው ነው እንዳይሉ።

ከአያ ውበቱ ጋር ነው ወደ ፈጣም ወንዝ የወረድሁ፣ እንደ ወትሮው። እሱ ዐይኑ ደክሟል፣ እኔ ጉልበቴ። አቀበቱን ትከሻውን ይዤ እወጣለሁ፤ መንጠቆውን እኔ አስርለታለሁ። ከሁለት ሽማግሌ አንድ ደህና ሰው ይወጣል።

የተቀመጥን እቅፊት። ቋጥኙ እንደ ክንድ ዞሮ ውሃውን ያቀፈባት ቦታ ናት። ሥሯ ድብልቅ ነው፤ በቀኝ ድንጋይ፣ መሐሏ ጠጠር፣ በግራ አሸዋና ጭቃ። ከከተማ የሚመጣው ሁሉ መንጠቆውን ድንጋይ ሥር ያስይዝና ክሩን በጥሶ፣ ወንዙን ሰድቦ ይሄዳል። እኔ ማጥለቂያዋን ጠጠር የማስር በደካማ ፈትል ነው። ጠጠሯ ከተያዘች ፈትሉ ይበጠሳል፣ መንጠቆዬ ይመለሳል። ይኸን ማንም አላስተማረኝም።

አያ ውበቱ ዛሬ ቸኩሎ ቀድሞኝ ወጣ። እኔ በዝግታ ወጣሁ። ከዚያ ጥጃዋን መዥገር ስለወረራት ብርብራ ወቅጬ ቀባኋት። ጉልበቴ ስላመመኝ ታች ድረስ አልነዳኋትም፤ ከላይ በከብት መውረጃው አጠብኋት። መዥገሩ ረገፈ። እኔም ደከመኝ።

አንተ ደብተር፣ አንድ ነገር ልንገርህ። የምትጽፍብህ ልጄ ዓለምነሽ ናት፣ መምህርት ናት። ጤና ጣቢያ ያለው ሰውዬ አባትሽ መርሳት ጀምረዋልና የዋሉበትን ያስጽፉ ብሏት ነው። እኔ! የሰባት ዘር ሐረግ የምቆጥር ሰው!

ጥር 15፣ ጧት 3 ሰ.

አሳው ተገልብጧል። ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ እቅፊትን ሞልቷታል። የአውራ ጣት የሚያህለው ሁሉ ሳይቀር። አምባዛዎቹ ከድንጋዩ ሥር ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

ብርብራ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ከነካ አሳ ያሰክራል፣ ይገድላል። እኔና አያ ውበቱ ሕግ አለን፤ ብርብራ የነካው ከብትም ሆነ ጨርቅ ከእቅፊት በታች እንጂ በላይ አይታጠብም። አርባ ዓመት ጠብቀነዋል። አንዴ ብቻ ፈርሷል፤ ያኔ ጎረምሳ ሳለን እሱ ለሠርጉ ድግስ ብርብራ በተነና አንድ ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። ከዚያ ዳግም ላያደርገው ማለ፣ ታረቅን።

ዛሬ አጠገቤ ቆሞ ምን ሆነ ይላል። አይታየውም። ነገርሁት። ትናንት ለምን እንደቸኮለ ጠየቅሁት። የልጅ ልጁ ክርስትና እሑድ ነው፣ እንጨት ሊያስፈልጥ ነበር። ድግስ! እንደገና ድግስ! አንተ ነህ አልሁት።

ሳቀ። የቀልድ መስሎት። «አያ ተገኘ፣ እኔ ትሉን ከጣቴ መለየት አቅቶኝ ስንቴ ራሴን ወግቻለሁ፤ በየትኛው ዐይኔ ነው ብርብራ የምወቅጠው?»

አልሳቅሁም። ሳቁ ቆመ። አቀበቱ ላይ ትከሻውን ሰጠኝ። አልያዝሁም። በእጄም በጉልበቴም እየዳህሁ ወጣሁ።

ጥር 16፣ ከቀ. 10 ሰ.

ተናገርሁ። ቤ/ክ ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ ባለበት። አሳ መርዘኛ ነው፣ ከመሐላ የወጣ ሰው ነው አልሁ። ሽማግሎቹ ቀስ በል አሉኝ። በሬ ነኝ ወይ ቀስ በል የምትሉኝ አልኋቸው።

አያ ውበቱ አልተከራከረም። ጥር 21፣ በማርያም ዕለት ከቅዳሴ በኋላ እምላለሁ አለ፣ ተነሣ። ሲሄድ እንቅፋት መታው። አልወደቀም፣ ግን ተንገዳገደ። ማንም አልደገፈውም። እኔም።

ጥር 17፣ ጧት 4 ሰ.

ብቻዬን እስከ ገደሉ አፋፍ ሄድሁ። አልወረድሁም። ከላይ ሆኜ አየሁት። አሞራ በዝቷል። ተመለስሁ። ደግሞ ሄድሁ። ደግሞ ተመለስሁ። ዓለምነሽ ተቀመጡ አባዬ፣ ደጁን ፈጁት አለችኝ። መንጠቆ ፈታሁ፣ አሰርሁ። ለማን እንደማስር አላውቅም።

ጥር 18፣ እሑድ፣ ከቀ. 9 ሰ.

ከክርስትናው ብዙ ሰው ቀርቷል አሉ። የተጋገረው ተርፏል። የሕፃኑ እናት አልቅሳለች። በአሳ መርዘኛ ቤት አንበላም ያለ ሰው አለ። ቃሉ የኔ ነው፤ በሰው አፍ ሆኖ ሲመለስ ግን ያስቀይማል።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ምሳዬን ለውሻው ሰጠሁ።

ጥር 19፣ ከቀ. 11 ሰ.

ለማርያም ዕለት ማስረጃ ላዘጋጅ አልሁ። እሱ መሐላ ካለው እኔ የተጻፈ አለኝ። የጥር 14ን አንቢልኝ አልኋት፣ ቸኩሎ መሄዱን ከነቀኑ።

አነበበች። አምባዛው ልክ ነው። ቀረሶዋ ልክ ናት። ቸኩሎ መውጣቱ ልክ ነው። በቃ አልኋት። ገና አለ አለች። አንቢው።

ጥጃዋን አነበበችልኝ።

ድገሚው። ደገመችው። ይኸን እኔ አላልሁም አልኋት። ብለዋል አባዬ፣ መዥገሩ ረገፈ ብለው ሁሉ ነግረውኛል። ወንዝ አታውቅምና መውረጃው ከእቅፊት በላይ መሆኑን እሷም አላወቀችም።

ተነሥቼ ጋጣ ገባሁ። የጥጃዋን ጆሮ ሥር ዳሰስሁ። መዥገር የለም። ጣቴን አሸተትሁ። አለ። ብርብራው አለ። ከላይ በከብት መውረጃው ያጠብኋት ውሃ ሌላ የት ሊሄድ? እቅፊት ነው የሚገባ።

እኔ ግን አላስታውስም። አንዲት ነገር አላስታውስም። ሰው ስለ እኔ ያወራ ነው የሚመስለኝ።

ገጹን ቅደጂው አልኋት። «ልቅደደው አባዬ፤ ጥጃዋንስ ምን ያደርጓታል?» አለች።

ውጪልኝ አልኋት። ወጣች። ተመልሳም ጻፈች።

ጥር 20፣ ከቀ. 8 ሰ.

የሚያውቅ ሦስት ነው፤ ዓለምነሽ፣ ጥጃዋና አንተ ደብተር። ሦስታችሁም ዝም ትላላችሁ። ዝም ብል ማን ያውቃል? አያ ውበቱ ይምላል። በእውነት ይምላል። ግማሹ ያምነዋል፣ ግማሹ በሐሰት ማለ ይለዋል። ከዚያ እስኪሞት በማርያም ስም የማለ ሐሰተኛ ሆኖ ይኖራል። የማንንም ዐይን ስለማያይ እንዴት እንደሚያዩት እንኳ አያውቅም። እኔ ግን አያለሁ።

ብናገርስ? ተገኘ ጃጀ፣ የሠራውን አያውቅም ይላሉ። ነገ መሬት ሲካለል ለምስክር የሚጠራኝ የለም። እኔ በዚህ አገር ድንበር የማስታውስ ሰው ነበርሁ።

ተነሣሁ። ተቀመጥሁ። ዓለምነሽን ተቆጣሁ፤ ጥፋት አልነበረባትም። ይኸንም ጻፊ።

ጥር 21፣ ጧት 12 ሰ.

ሳይነጋ ነቃሁ። በአገራችን ያጠፋ ሰው በባዶ አፉ ይቅርታ አይልም፤ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ በተበደለው ፊት ይንበረከካል፣ የሚያወርድለትም የተበደለው ነው። ካላወረደው እንደተሸከመ ይቆያል።

ዓለምነሽ ከደጅ አንድ ድንጋይ አመጣችልኝ፣ ጉልበቴን ፈርታ። እንቁላል ታህላለች። አሳ ላጠምድ ነው ወይ አልኋት። በከብት መውረጃው ወርደሽ እቅፊት የምቀመጥባትን ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጪ። ሄደች። ደረቷ ላይ ታቅፋ እያለከለከች መጣች። እርጥብ ናት፤ አሁንም አሳ አሳ ትላለች። ይህች ትሆናለች።

ደወሉ ተደውሏል። አያ ውበቱ ቀድሞ ይሄዳል፣ በደረቀ አፉ ሊምል። ከመማሉ በፊት መድረስ አለብኝ። መንገዱ አቀበት ነው፤ ትከሻ የሚሰጠኝ ሰው እዚያ ላይ ነው ያለ።

ይብቃ አሁን። ብዕሩን ክተቺ፣ ደብተሩን ያዢ። የጥር 14ን ሰው ሁሉ ፊት ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ታነቢዋለሽ። ጥጃዋ ጋ ስትደርሺ አትፍጠኚ። አባቴ ይህን አያስታውስም በያቸው፤ እኔ ማለት ቢያቅተኝ አንቺ በያቸው።

ነይ፣ አሸክሚኝ። ወደ ግራ አድርጊው፣ ወደ…