በአንድ ዓይን የተሣለው ሰው

ፒያሳ፣ ግንቦት 11 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለፍስሃ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ይህን ደብዳቤ ብቻህን አታንብበው። ጓደኛህን ካላዩን ጥራውና አጠገብህ ይቀመጥ። በፖስታ ያልላክሁት ስለሚከፈት ነው፤ የጎረቤታችን ልጅ አዳነች ለትምህርት ወደዚያ ስትመጣ በእጇ አስይዣታለሁ።

የጻፍክልኝ ደርሶኛል። «ሥዕሉን መጥተህ ካስተካከልክ አባትህን እንፈታዋለን ብለውኛልና ለሐምሌ እመጣለሁ» ትላለህ። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ትኬት እንዳትቆርጥ።

አባትህ ለምን እንደታሰረ ማንም በደንብ አልነገረህም፤ እኔ ልንገርህ። ታውቀው የለም? ሠላሳ ዓመት ፒያሳ ኖሮ አንድ መኪና አልሣለም። ከራስ መኮንን ድልድይ በታች ባለችው ክፍላችን ቁጭ ብሎ የጎጃምን አውድማ፣ ዳልቻና ቦራ በሬዎችን፣ ገበያ የምትወርድ ሴት፣ ጎመን የምትቀነጥስ ባልቴት ነበር የሚሥለው። «አንድ ቀን እንኳ ሲኒማ ቤቱን ብትሥል ምናለ፣ ይሸጥልህ ነበር» ስለው፣ «የሺ፣ ከተሜ በየመስታወቱ ራሱን ሲያይ ነው የሚውል። ገበሬውን ማን ያየዋል?» ይለኝ ነበር። ግትር ነው፤ አንተም የወጣኸው በሱ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስለተማረ፣ ደግ ሰው በሁለት ዓይን፣ ይሁዳና ሰይጣን ደግሞ በጎን፣ ባንድ ዓይን እንደሚሣሉ አንተንም አስተምሮሃል። ገበሬውን ታዲያ አንድ ቀን በጎን ሥሎት አያውቅም። በሬ ሲነዳ እንኳ ፊቱን ወደኛ ያዞረዋል። «እንዲህ የሚያርስ ሰው በሬውን ይዞ ገደል ይገባል» ብዬ እስቅበት ነበር።

ለመስከረም ሁለቱ በዓል አንድ መሥሪያ ቤት ትልቅ የአውድማ ሥዕል አዘዘው። ኃላፊያቸው ከገበሬዎቹ መሃል መንሽ ይዞ ቆሞ እንዲታይ ፈለጉና ፎቶግራፉን ላኩለት። ፎቶግራፉ ከጎን የተነሣ ነበር። አባትህ ሰውየውን አይቶት አያውቅም፤ መልኩን እንዳያበላሽ ተጠንቅቆ ልክ እንደ ፎቶው ሣለው። ተንኮል አልነበረበትም፣ በማርያም። እንዲያውም «አፍንጫው አላማረልኝም?» ብሎ ጠርቶ አሳይቶኛል።

በበዓሉ ዕለት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ቀና ብለው አዩና፣ «እንዴ! ይሁዳን ደግሞ ከገበሬ መሃል ምን ጣለው?» አሉ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቅ ሁሉ ሳቀ። ኃላፊው መጀመሪያ አብሮ ሳቀ። ኋላ ነገሩን ሲያስረዱት ግን ፊቱ ጠቆረ፤ አባትህን በዚያው ምሽት ወሰዱት።

ሥዕሉን የውጭ እንግዶች ስለወደዱት ሊያቃጥሉት አልፈለጉም። እዚህ ያሉት ሠዓሊዎች ደግሞ አባትህን አክብረው «የዘገዬን ሥራ አንነካም» አሉ። አንተን የፈለጉህ ለዚህ ነው፤ ለሰውየው ሁለተኛ ዓይን እንድትጨምርለት።

ፍስሃ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ካላዩ ያንብብልህ። በወጉ ቢሆን ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ መጥቶ ነበር የሚያረዳህ። ይህን ላደርግልህ አልቻልኩም። በጥር መጨረሻ ስንቁን ይዤ ብሄድ ጋቢውን አጣጥፈው መለሱልኝ። ጠባቂው መሬት መሬት እያየ፣ «እናቴ፣ ከእንግዲህ አይድከሙ» አለኝ። አባትህ የለም ልጄ። አስከሬኑን አልሰጡኝም። ድንኳን አልጣልኩም። ድምፅሽ እንዳይሰማ ስላሉኝ ትራስ ነክሼ አለቀስኩ። ለአንተ «እንፈታዋለን» ብለው የጻፉልህ ከዚያ ወዲህ፣ በሚያዝያ ነው።

ስለዚህ የሚፈታ ሰው የለም። ብትመጣ ብሩሽ ያስይዙህና ያንን ፊት አስተካክል ይሉሃል። አንተ ደግሞ የአባትህ ልጅ ነህ፤ ምን እንደምትመልስላቸው አውቀዋለሁ። ያኔ የሚደርስብህን ለማየት አቅም የለኝም። ትምህርትህ ቢያልቅ ሌላ ትምህርት እንዲሰጡህ ጠይቅ፤ እሱም ባይሆን ሥራ ፈልግና እዚያው ቅር። ለእኔ አታስብ፣ ጎረቤት አይጥለኝም።

በጸሎትህ አስበው፤ የክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል ነው። የአራዳው ጊዮርጊስ ከፊት ከኋላህ ይሁን። እጅህን ይባርክልህ። በሰው አገር እናት የምትሆንህ ሴት አያሳጣህ።

በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንተ የመጣህ እየመሰለኝ እነሣለሁ። አንጀቴ እስኪቆረጥ ናፍቀኸኛል ልጄ። አትምጣ።

እናትህ
የሺዓለም