በእርሳስ ያስመርጡ የነበሩት እትዬ ላጲስ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው እትዬ፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት ተወለዱ። የተወለዱት ከአባታቸው መሥሪያ ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሲሆን፣ ክፍሎቹን የሚለያቸው ግድግዳ ሳይሆን ቁም ሣጥን ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ሁለተኛ ደረጃ በጥሩ ውጤት ተምረዋል። ሒሳብ ነፍሳቸው ነበር። የመጨረሻው ፈተና ምዝገባ ሲደርስ ግን የክፍል ኃላፊያቸው ሳይጠይቋቸው የቤት አያያዝና የጽሕፈት ሥራ ብለው ሞሉላቸው። አባታቸው ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው "ልጄ እኮ ሒሳብ ነው የምትወደው" ቢሉ፣ "ቅጹ ሄዷል" ተብለው ተመለሱ። እትዬ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

በሃያ አራት ዓመታቸው ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው ሲያስተምሩ ቆዩ። በሠላሳ አንድ ዓመታቸው የተማሪዎች አማካሪ ሆኑ። ቢሮ ተብላ የተሰጠቻቸው ክፍል የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ስለነበረች፣ የመጀመሪያውን ዓመት ከኳስና ከመረብ ጋር ተጋፍተው አሳልፈዋል። በዚያች ክፍል ውስጥ ለሃያ ስድስት ዓመታት፣ ተማሪዎች የሚፈተኑባቸውን የትምህርት ዓይነቶች እንዲመርጡ ረድተዋል።

ሥርዓታቸው አንድ ነበር። ቅጹ በእርሳስ ይሞላል፤ ከዚያ ሦስት ቀን ይታደርበታል። በአራተኛው ቀን ተማሪው ሲመጣ ላጲሳቸውን ወደ እሱ ገፋ አድርገው፣ "አባትህም ጓደኛህም እዚህ የሉም። የትኛውን ነው የምትፈልገው?" ይሉታል። ግማሹ ተማሪ ላጲሱን ያነሣ ነበር። በእስክሪብቶ የሚጽፈው ተማሪው ራሱ ነው፤ እሳቸው እጃቸውን አያስገቡም። "እትዬ ላጲስ" የተባሉትም በዚህ ነው። አንድ ጊዜ አንድ አባት "ልጄን አበላሹብኝ" ብለው እየጮኹ ቢመጡባቸው፣ ወንበር ስበው ካስቀመጧቸው በኋላ "የሚፈተኑት እርስዎ ከሆኑ ይኸው እርሳስ" ብለው ባዶ ቅጽ ሰጧቸው።

በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ከአውቶቡስ ሹፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶች ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው የጋብቻ ጥያቄያቸው መልስ ያገኘው በአራተኛው ቀን መሆኑን እስከ ዛሬ ይናገራሉ።

ያን ሥርዓታቸውን በሥራ ዘመናቸው አንድ ጊዜ ብቻ ጥሰዋል። የጣሱትም በታናሽ እህታቸው ልጅ፣ ይህን ታሪክ በጻፈችው ላይ ነው። ልጅቷ አባቷ እንዳላት ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ሒሳብ ብላ በእርሳስ ሞልታ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ አጥፍታ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ልትጽፍ ቆረጠች። በማግስቱ ግን እናቷ ታመው ሆስፒታል ስለገቡ ከአጠገባቸው ሳትለይ ዋለች። ቀኑ የምዝገባው መጨረሻ ነበር። ቅጾቹን የሚወስደው መልእክተኛ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ የልጅቷ ቅጽ ከቀረ ያን ዓመት አትፈተንም። እትዬ በር በሩን ሲያዩ ቆዩ፣ ቆዩና እስክሪብቷቸውን አንሥተው በእርሳሱ ላይ ደገሙበት።

ልጅቷ ስትመጣ "እትዬ፣ ላጠፋው ነበር እኮ" አለቻቸው። እሳቸውም ለማስለወጥ ወደ ፈተናዎች ቢሮ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሱ። ጸሐፊው በመጨረሻ "እናቴ፣ ምን ላድርግዎት? በእስክሪብቶ ነው እኮ የተጻፈው" አላቸው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ልጅቷ ከሦስቱ ሁለቱን ወደቀች፤ ዛሬም በአንድ ማተሚያ ቤት ሌሎች የጻፉትን መጽሐፍ ትጠርዛለች። እትዬ ባገኟት ቁጥር "ተቀይመሽኛል አይደል?" ይሏት ነበር። "ኧረ እትዬ፣ ምኑን?" ትላቸዋለች። ተቀይማ ነበር። እሳቸውም ያውቁ ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ብለው ኖሩ።

ባለፈው ሳምንት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ አንደበታቸው ተዘጋ፤ ቀኝ እጃቸውም ከዳቸው። ሐኪሙ ሁለት መንገድ እንዳለ ነገረን፦ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሊድኑም ላይነቁም ይችላሉ፤ ከተተዉ ደግሞ እንደ ተኙ ጥቂት ሳምንት ብቻ ይቆያሉ። ውሳኔው እስከ ስድስት ሰዓት ይፈለጋል። ልጆቻቸው ገና መንገድ ላይ ነበሩ። ባለቤታቸው ቅጹን ተቀብለው ሲያገላብጡት ከቆዩ በኋላ "እኔ የመኪና መሪ ነው የማውቀው" ብለው ለእትዬ እህት ልጅ ሰጧት።

እሷም አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጥያቄያቸውን መልሳ ጠየቀቻቸው። "ማንም የለም እትዬ። የትኛውን ነው የሚፈልጉት?" ዓይናቸው ተከፍቶ ጣሪያውን ያያል። ግራ እጃቸውን ይዛ ጠበቀች፤ እጁ አልተንቀሳቀሰም። የሚታደርበት ሦስት ቀን የለም፤ ነርሷ በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ልጅቷም እስክሪብቶ ተቀብላ፣ ቀዶ ሕክምናው ይደረግ ብላ በስማቸው ፈረመች። እጇ ሲከብዳት ነው ያን ቀን የእሳቸው እጅ ምን ያህል ከብዶት እንደነበር የገባት። ቀና ብላ ልትነግራቸው ስትል አልጋውን እየገፉ ከክፍሉ አወጡት።

እትዬ ከቀዶ ሕክምናው ሳይነቁ፣ በሦስተኛው ቀን ማክሰኞ ረፋድ ላይ አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ታናሽ እህታቸውና የእህታቸው ልጅ፣ እንዲሁም በዚያች የኳስ ክፍል ያለፉ ተማሪዎቻቸው ሐዘንተኞቻቸው ናቸው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ያኑርልን። ስሕተታቸውን በእርሳስ እንደ ተጻፈ ይቁጠርላቸው። የእኛንም።