የአባባ መዝሙሮች የሚገቡበት ዲስክ

ሰኞ

ዛሬም ጮኸ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤ ከዚያ ዝም። የአባባ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ዲስክ ነው፣ መዝሙሩን ሁሉ የያዘው። ከትምህርት ቤት ስገባ ስክሪኑ ጠቁሮ፣ አባባ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። መናገር ስለማይችል በግራ እጁ ኮምፒውተሩን አሳየኝ። አጥፍቼ አበራሁት። ያው ጩኸት። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው፤ ለማንም አልናገረውም። ደስ አለኝ። ስትሮክ ከመታው ሁለት ክረምት አለፈ፤ ከዚያ ወዲህ ከንጋት ጀምሮ መዝሙር ነው። ስልክ ሳወራ መዝሙር፣ ሽንኩርት ስከትፍ መዝሙር፣ የተማሪ ደብተር ሳርም መዝሙር። ዛሬ ቤቱ ጸጥ አለ። አርባ ደብተር አረምኩ።

ማክሰኞ

ጸጥታው የጣፈጠኝ ለአንድ ቀን ነው። ቀን ቀን አብራው የምትውለው አክስቴ እንደነገረችኝ፣ አባባ ቁርሱን አልቀመሰም፣ ምሳውንም ገፋው። የእጅ እንቅስቃሴውንም አልሠራም። ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀምጦ ዋለ።

አሁን ነው የገባኝ። በዚህ ቤት ምን እንደሚበላ የምወስነው እኔ፣ መቼ እንደሚታጠብ የምወስነው እኔ፣ መጋረጃው ሲከፈት ሲዘጋ እኔ። እሱ በራሱ የሚወስነው የትኛው መዝሙር እንደሚከፈት ብቻ ነበር።

ወንድሜ ታምሩ ደወለ። “ምን ያደክምሻል? ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ እኮ!” አለኝ። ፈለግኩ። ታዋቂዎቹ አሉ። ከቦንጋ የመጡት መዘምራን በካፊኛ የዘመሩት የለም። የሠፈራችን ኳየር የለም። እንዴትስ ይኖራል? የቀዳቸው አባባ ነው። 18 ማዞሪያ፣ ታክሲ የሚዞርበት አጠገብ ካሴት ቤት ነበረው፤ ይቀርጻል፣ ያባዛል፣ ይሸጣል። ካሴት ሲቀር ሱቁን ዘግቶ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር አስገባ። ስምንት ዓመት ፈጀበት። ካሴቶቹን እርጥበት ጨረሳቸው። ስለዚህ ያለው ያ የሚጮኸው ዲስክ ብቻ ነው።

“ና ራስህ ፈልግለት” ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ዘነበወርቅ ሠፈር ነው የሚኖረው፣ እዚሁ። ከመጣ ሦስት ሳምንቱ።

የነገ፦ ዲስኩን ማስፈታት። የግፊት መድኃኒት። የስድስተኛ ለ ፈተና። ጫማዬን ማሰፋት (አሁንም)።

ረቡዕ

ዲስኩን አስፈትቼ በፎጣ ጠቅልዬ ዓለም ባንክ ሠፈር ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር። ኮምፒውተር የምትጠግነው ሰናይት የምትባል ሴት ናት፤ በእኔ ዕድሜ ትሆናለች፣ ወሬ አታበዛም። ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችው።

“አልሞተም፤ ግን እየደከመ ነው። ቤት ወስደሽ እንዳትከፍቺው፤ በተከፈተ ቁጥር ይብስበታል። መጀመሪያ የሚገለበጥበት ሌላ ዲስክ ምረጪ።”

ሁለት ዓይነት አሳየችኝ። አንደኛው የሚሽከረከር ነው፤ ትልቅ፣ ከባድ፣ ሁሉንም ይይዛል፤ ግን ሲሠራ ዝዝ ይላል። ሁለተኛው ኤስ ኤስ ዲ፤ ቀጭን፣ ድምፅ የሌለው። አቅሜ የሚችለው ግን ከአባባ መዝሙር ግማሹን እንኳን አይዝም። የትኛው አሳምሮ ያሰማል አልኳት። “መዝሙሩ በሁለቱም ያው ነው። ልዩነቱ ዲስኩ ራሱ የሚያሰማው ነው። ማን ነው የሚሰማው? የት ይቀመጣል?”

“አባቴ። አልጋው አጠገብ።”

መንገድ ላይ ስትሸጥ ስላየኋት ፍላሽ ነገርኳት፤ አውራ ጣት የምታክል ሆና አሥራ ስድስት ቴራ ተብሎ የተጻፈባት። ያኔ ብቻ ሳቀች። “የውሸት ናት። እሷ ላይ ብትጭኚው የመዝሙሩ ስም ይታይሻል፤ ስትከፍቺው ባዶ ነው።”

ዲስኩ እሷ ጋ ቀረ፤ የማኅደሮቹን ዝርዝር ግን ከውስጡ አውጥታ አተመችልኝ። አሥራ አንድ ገጽ።

ሐሙስ

ኤስ ኤስ ዲውን ልገዛ ወስኜ ነበር። ለአባባ እንቅልፍ ነው ብዬ ለአክስቴ ነገርኳት። እውነቱ ግን ግማሹ መዝሙር እንዲቀር ስለፈለግኩ ነው።

ከአባባ ጋር ዝርዝሩን ይዘን ተቀመጥን። እኔ አነባለሁ፤ ይቅር ካለ ራሱን ይነቀንቃል፣ እኔ እሰርዛለሁ። ቦንጋ አንድ። ቦንጋ ሁለት። ኮልፌ ወጣቶች። የገና ጉባኤ። አንዱንም አልሰረዘም! እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር እጄን ይገፋዋል። አራተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ጮህኩበት።

“አባባ፣ ሁሉም አይገባም! እኔ አልቻልኩም፣ ገባህ? አልቻልኩም!”

አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ባኞ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ውኃውም ወዲያው ሄደ፤ ለቅሶዬ እንዳይሰማ ዝም አልኩ።

ምስር ወጥ ሦስት ጉርሻ በላ። ሦስት።

ዓርብ

እራት ሳላቀርብ ነው የምጽፈው።

ከሥራ መልስ እንደገና ተቀመጥን። ይቅርታ ጠይቄው ነበር፤ ጉንጬን ዳበሰኝ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ “ልምምድ” የሚል አገኘሁ። ልምምድ አንድ፣ ልምምድ ሁለት፣ እስከ አርባ ድረስ። ልጅ ሆኜ ትዝ ይለኛል፤ አንዱ መዝሙር ስድስቴ የሚደጋገምበት፣ ሳል፣ ወንበር ሲጎተት። አንድም ሰው ገዝቶት አያውቅም። ተመስገን፣ በመጨረሻ የሚሰረዝ ነገር ተገኘ ብዬ ሳልጠይቀው ከላይ እስከ ታች መስመር አሰመርኩበት።

የእጄን አንጓ ያዘኝ። ጠበቅ አድርጎ።

“ተይው” አለኝ።

እንዲህ በግልጽ። ተይው። ከስትሮኩ ወዲህ ከማቃሰት በቀር ከአፉ የወጣ ነገር የለም። እሱም ደነገጠ። አፉን ከፍቶ ሊደግመው ሞከረ፣ አልመጣም። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላውቅም። የመጀመሪያ ቃሉ ቁጣ!

ለታምሩ ደወልኩ። “ማን አለ? ምን አለ? እስቲ ድገሚው” ሲለኝ አምስት ጊዜ ደገምኩለት። ከዚያ “ነገ እመጣለሁ” አለ።

ዝርዝሩን ቀደድኩት። ሁሉም ይገባል።

ቅዳሜ

ታምሩ መጣ። ከነሚስቱ፣ ብርቱካን ይዞ። አብረን ሰናይት ጋ ሄድን። የሚሽከረከረውን ገዛሁ። ታምሩም ሳይጠየቅ ሌላ አንድ ተመሳሳይ ገዛ፤ ምክንያቱም ሰናይት እንዲህ አለች፦ “ይሄም ቢሆን አንድ ቀን ይበላሻል። ሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ አንዱ ሌላ ቤት ይሁን።” ሁለተኛው እሱ ጋ ዘነበወርቅ ይቀመጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የአባባን ነገር ግማሹን ሌላ ሰው ያዘልኝ። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ትከሻዬ ላይ ታወቀኝ።

ዝዝታውስ? ኮምፒውተሩን ወደ ሳሎን እናውጣው፣ ስክሪኑ፣ ማውሱና ስፒከሮቹ አባባ አልጋ አጠገብ ይቅሩ አልን። ጎረቤታችን ጋሽ ደሳለኝ ኤሌክትሪሺያን ናቸው፤ ለገመዱ ግድግዳውን በሱልን። አባባ በዓይኑ ሲቆጣጠራቸው ዋለ። “አይዞህ ወንድሜ፣ ቤትህን አላፈርሰውም” አሉት።

ሳሎን የምተኛው እኔ ነኝ። ዝዝታው ለእኔ ደረሰኝ ማለት ነው።

እሑድ

ቸርች አልሄድኩም። ጉልበት የለኝም።

ሰናይት ሁለቴ ደወለች። ጠዋት፦ ግማሹ ተገልብጧል። ከሰዓት፦ መብራት ሄደ፣ የታመመው ዲስክ መልሶ አልነሳም አለ፣ ቀዝቀዝ ይበል ብላ ተወችው። ለአባባ የመጀመሪያውን ብቻ ነገርኩት።

ታምሩ የአባባን ፀጉር ቆረጠው። አበላሸው።

ሰኞ

አስፈቅጄ ከምሳ በኋላ ወጣሁ። ሰናይት ሁለቱንም አዲስ ዲስክ ጠቅልላ ጠበቀችኝ። “ተነሳልኝ። አሥራ ሰባት ፋይል ግን እምቢ አለ። ደጋግሜ ሞክሬ ነበር” አለችና የቀሩትን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ሦስቱ ልምምድ ናቸው። መንገዱን ሙሉ ያቺን ወረቀት ልደብቃት አሰብኩ።

ጋሽ ደሳለኝ ገጣጥመውት ሄዱ። ወረቀቷን አልደበቅኳትም፣ ለአባባ አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ሲገልጥ ማውሱን ሳበና ልምምድ ውስጥ ገባ። ቁጥር አራትን ከፈተ።

መዘምራኑ ጀመሩ። አንዷ ቀደመች። ሰው ሳለ። ከዚያ አንድ የወንድ ድምፅ፣ ለማይኩ ቅርብ፦

“ቆይ፣ ቆይ። ሴቶቹ ቀድማችኋል። እንደገና!”

የአባባ ድምፅ ነው። ረስቼው ነበር ማለት ያሳፍራል፤ ግን ረስቼው ነበር። ሌሎቹ መዝሙሮች ላይ እሱ የለም፤ ከመቅረጫው ጀርባ ዝም ብሎ ቆሞ ነው የቀዳቸው። የሚናገረው ልምምዶቹ ላይ ብቻ ነው።

ዞር ስል ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። “እን” አለ። አቃተው። ድምፁን ወደ ኋላ መለሰና ራሱን አዳመጠ። “እንደ”። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። እንደገና መለሰው።

ፈተናው አልተዘጋጀም፣ ወገቤን ያመኛል፣ ዲስኩ ሳሎን ዝዝ ይላል። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ማስታወሻዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ይሄን የምጽፈው፤ እሱም ይመልሰዋል፣ ይሞክራል፣ ይመልሰዋል።

እስካሁን “እንደገ” ድረስ ደርሷል።